ከሰልና ሎሚ፦ የአንዲት መምህርት ኑዛዜ

ይህን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም። ሸሽጌያቸው አይደለም፤ ኃጢአት መሆኑን ራሴም ስላላወቅሁ ነው። ስለ ሻርኩት ጾም፣ ስለ ያዝኩት ቂም፣ ተስዬ ስላላስገባሁት ስለት ተናዝዣለሁ። ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን ከሰልፍ እያስወጣሁ «ሂዱ፣ ፍቃችሁ ኑ» ስል ስለ ኖርኩት ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እንዲያውም ከመልካም ሥራዬ እቆጥረው ነበር። የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ኃላፊ ነበርኩ፤ ንጽህና ማስተማር ሥራዬ ነው። ለዚያም ሥራ በወላጆች ቀን ተመስግኜበታለሁ።

የተወለድኩት በሞጆና በዝዋይ መካከል፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ውሃ የምንቀዳው ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ተስቦ ወደ ቦኖ ከሚመጣው ነበር። እናቴ ልጅነቷን ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ እየቀዳች ያሳለፈች ሴት ስለሆነች ያን ውሃ እንደ በረከት ታየው ነበር። አይደፈርስም፣ አይሸትም፣ አልቅት የለበትም። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ከብርጭቆው አይለይም። ለእኛ ለልጆቿ ደግሞ የጤና ሠራተኞች እንዳስተማሯት አፍልታ፣ አብርዳ፣ ከድና ነው የምትሰጠን። ከእሷ የበለጠ ለልጆቿ ውሃ የተጨነቀች እናት በሰፈራችን አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለምለው ነገር እሷን ማንም እንዳይወቅስብኝ ነው።

የወተት ጥርሴ ነጭ ነበር። ሲነቃነቅ እየነቀልኩ፣ የተሻለ ይሰጠኝ ዘንድ እየተመኘሁ ጣራ ላይ ወርውሬዋለሁ። በምትኩ የበቀለው መጀመሪያ እንደ ጠመኔ የፈዘዘ ነጭ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም ቡናማ መስመር አወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ሙሉ በሙሉ በልዘው ነበር። የእኔ ብቻ አልነበረም፤ አብሮ አደጎቼ ሁሉ እንደዚያው ነበርን። ስለዚህም ከተማችን ውስጥ እያለሁ ነገሩ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ለመምህራን ማሠልጠኛ ከቤት ስወጣ ነው። እዚያ አንዲት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በቅንነት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥርስሽን ግን ለምን አትፍቂውም?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ጥርስ ላይ ያደረግሁትን በዝርዝር ልናዘዝ፤ ምክንያቱም ዛሬም ብዙ ሰው ይህንኑ እያደረገ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ከሰል ነው። አልሜ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ በጣቴ ጫፍ እየነካሁ እፈትግ ነበር። ከሰል አፍን በሙሉ ያጠቁራል፤ ተጉመጥምጠው ሲያበቁ ድዱ ላይ ጥቁረቱ ትንሽ ይቀራል፣ ጥርሱም ከጥቁሩ አጠገብ ስለሚታይ የነጣ ይመስላል። ከጎጃም የመጣችው አያቴ ድዷን በጥላሸት የተነቀሰችው ለዚሁ ነበር፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን ያጎላል። የእሷ ንቅሳት ግን ጥርሷን አልነካባትም። የእኔ ከሰል ይፍቅ ነበር። ከሰል የጥርስን ገጽ ጠርጎ ከሻይና ከቡና የተረፈውን ቀለም ሊያነሳ ይችላል፤ ዱቄቱ ሻካራ በሆነ መጠን ግን ከቀለሙ ጋር የጥርሱንም ልባስ እየሸረፈ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ግምገማ ስለ ከሰል የጥርስ ማጽጃዎች የተጻፈውን መርምሮ፣ ማንጣታቸውንም ሆነ አለመጉዳታቸውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ዛሬ ያ ከሰል በሚያምር ማሸጊያ ተመልሶ በውድ ሲሸጥ አያለሁ።

ቀጥሎ ሎሚና ጨው መጣ። ሎሚ ግማሽ ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ ጥርሴን በእሱ አሻለሁ። ሎሚ የነካው ጥርስ ምላስ ሲዳስሰው ሻከር ይላል። እኔ ያንን ሻካራነት የንጽህና ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። በእውነቱ አሲዱ የጥርሴን ልባስ እያሟሟው ነበር። የጥርስ ልባስ፣ ሐኪሞቹ ኢናሜል የሚሉት፣ በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። ነገር ግን ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው። በአሲድ የለሰለሰን ነገር ወዲያው በጨው ማሸት ማለት መፋቅ ነው እንጂ ማጽዳት አይደለም። ልባሱ ደግሞ አንዴ ካለቀ አይተካም። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ቆዳ ቢላጥ ይሽራል፤ የጥርስን ልባስ የሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ከመብቀሉ ጋር አብረው ያልቃሉ። ከሥሩ ያለው ክፍል በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ስለዚህ ልባሱ በሳሳ ቁጥር ጥርስ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ለማድረግ የደከምኩበት ሁሉ ወደ ቢጫ ሲወስደኝ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ቢጫነቱን ባየሁ ቁጥር ሎሚውን አበዛው ነበር።

አቼቶም ሞክሬያለሁ፤ የሎሚ ወንድም ነው። የሙዝ ልጣጭም ሞክሬያለሁ፤ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ቤኪንግ ሶዳ ከሁሉም የሚሻል ነበር፤ ዱቄቱ ለስላሳ ስለሆነ ልባሱን ብዙ አይቧጭርም፣ የቡናና የሻይን ቀለም ያነሳል፣ ለዚህም ነው በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገባው። እኔ ግን በሎሚ በጥብጬ ስለምጠቀምበት ያ ጥቅሙ አልደረሰኝም። ከሁሉ የማላማው መፋቂያን ነው። የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ጫፉን አኝኮ፣ አላልቶ፣ ቀስ እያሉ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መፋቅ አባቶቻችን ያወቁበት ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በየአገሩ ልማድ ባለበት እንዲጠቀሙበት ደግፏል። ግን መፋቂያም ቢሆን እኔ እንደ ያዝኩት ከተያዘ፣ በንዴትና በጉልበት ወደ ጎን ከተጎተተ፣ ድድን ያሸሻል፣ የጥርስን አንገት ይሰረስራል።

ቡናማው ቀለም ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦታውን አልለቀቀም። የለቀቀው ቀዝቃዛ ውሃ የመጠጣት አቅሜ ነው። በጠዋት ውሃ ስጎነጭ ጥርሴ ጠርሶ እስከ ጆሮዬ ይወጋኝ ነበር።

እስካሁን ያልኩት በራሴ ላይ ያደረግሁት ስለሆነ ቢቀል ይቀላል። ሌላው ከበድ ይላል።

ሰው ጥርሴን አይቶ «የናዝሬት ልጅ ነሽ?» ሲለኝ «አይደለሁም» እል ነበር። ናዝሬት አለመወለዴ እውነት ነው፤ የምዋሸው ግን ከዚያ ቀጥሎ ነው። «ታዲያ የት ነሽ?» ሲሉኝ «አዲስ አበባ» እላለሁ። አገሬን፣ የእናቴን ቤት፣ አብሮ አደጎቼን በአንድ ቃል እተዋቸው ነበር። ስስቅ አፌን በነጠላዬ እከድናለሁ። ሠርጌ ላይ ከተነሳሁት ፎቶ ጥርሴ የሚታይበት የለም፤ ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት ፈገግ በይ» እያለ ሲለምነኝ ውሏል። ያየኝ ሁሉ ጨዋ፣ ቁጥብ ሴት ናት አለኝ፤ እኔም የፍርሃቴን ስም ጨዋነት ብለው ሲጠሩት አላረምኳቸውም።

ተመድቤ ያስተማርኩት ደግሞ እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከትውልድ ከተማዬ ብዙ በማይርቅ ወረዳ ነው። ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙር ካለቀ በኋላ ጥፍር፣ ፀጉርና ጥርስ እናያለን። «ጥርስ!» ስል ልጆቹ ከንፈራቸውን ገልጠው ያሳዩኛል። ከአሥር ስምንቱ እንደ እኔ ናቸው። ሁሉን ማስወጣት ስለማይቻል በጣም የጠቆረውን እመርጣለሁ። «ሂዱ፣ ፍቃችሁ ኑ» እላለሁ። አንዳንዴም የጤና ክበቡ ያዘጋጀውን የከሰል ዱቄት በወረቀት ጠቅልዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ሎሚ እንዲጨምሩበትም መክሬያለሁ።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ፣ እጇን ከሁሉ ቀድማ የምታወጣ። ከሰልፍ ባስወጣኋት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ፣ «ቲቸር፣ ፍቄያለሁ እኮ» አለችኝ። ከደብተር መያዣዋ መፋቂያዋን አውጥታ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ደም ነበረበት፤ ድዷም ቆስሏል። እኔ ግን «አትዋሺኝ» አልኳት። ደሙን እያየሁ «አትዋሺኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ መልስ ስትመልስ አፏን በእጇ ትከልል ጀመር፤ ሲቆይም እጇን ማውጣት ተወች። አፍ መከለሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከሰው ፊት ራሴን የምደብቅበትን ልማድ አንስቼ ለልጅ ሰጠኋት።

የራሴ ጥርስ በልዞ ሳለ በእነሱ ላይ ለምን ጨከንኩ? ይህን ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት መልስ «እኔ በልጅነቴ ሳልፍቅ ቀርቼ የደረሰብኝ በእነሱ እንዳይደርስ ብዬ ነው» የሚል ነበር። ውሸት ነው። እኔ በልጅነቴ ፍቄያለሁ፤ ያንን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ የነገረችኝ ቃል ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ልመልስላት ፈልጌ ያልመለስኩት ቃል ነበር። እውነቱ ይህ ነው፦ በልጆቹ ላይ በተቆጣሁ መጠን ከእነሱ ወገን ያልሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው አይመረመርም። በሰልፉ ፊት ለፊት ስቆም የእኔን ከንፈር ግለጪ የሚለኝ አልነበረም።

እውነቱን የሰማሁት ሕመሙ ገፍቶኝ አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ነው። ወጣት ሐኪም ነው፤ አፌን ካየ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀኝ «የት ነው ያደጉት?» ብሎ ነበር። እንደ ልማዴ «አዲስ አበባ» አልኩት። መብራቱን መለስ አድርጎ፣ «በሕፃንነትዎ ማለቴ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሞላዎት የጠጡት የየትን አገር ውሃ ነው?» አለኝ። በዚያ ወንበር ላይ ተንጋልዬ የተወለድኩባትን ከተማ ስም ጠራሁ። «ፍሎሮሲስ ነው፤ ከመፋቅ ጋር አይገናኝም። የፋቁት ግን ጎድቶዎታል» አለኝ።

ያስረዳኝን፣ እኔም በኋላ አንብቤ ያጠናከርኩትን ልንገራችሁ። የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት ነው። ውሃ በዚያ ዓለት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲንቆረቆር ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል፤ ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር፣ የእኛ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ካልሲየሙ ጥቂት ነው። በጥቂቱ ሲገኝ ፍሎራይድ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ጥርሱ ድዱ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይህን ውሃ ከጠጣ ልባሱ በደንብ ሳይጠነክር፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ እንደ ሆነ ይቀራል። ሲበቅል የጠመኔ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በነዚያ ቀዳዳዎች ቀለም እየጠጣ ይበልዛል። ቀለሙ ያለው ከልባሱ ውስጥ ነው። በከሰልም በሎሚም የማይወጣው ለዚህ ነው። የወተት ጥርስ ደግሞ አብዛኛው የሚሠራው በእናት ማኅፀንና በጡት ዘመን ስለሆነ፣ በጡት ወተት ውስጥም የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የእናቴን ውሃ ማፍላት ያነሳሁት ለዚህ ነው። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር መጠኑ ይጨምራል እንጂ አያንስም። እናቴ ይህን ሳታውቅ አረፈች፤ እኔም ባለማወቋ ደስ ይለኛል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የከተማው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። የአገሬው ሰው ለብልዘቱ የየራሱን ምክንያት ይሰጥ ነበር። ማኬይ ምክንያቱን ፍለጋ ዕድሜውን ሰጠ። ኦክሌይ በተባለች የአይዳሆ ከተማ ወላጆች የልጆቹ ጥርስ መበለዝ የጀመረው አዲስ የውሃ መስመር ከተዘረጋ ወዲህ ነው ቢሉት፣ ምን እንዳለበት ገና ሳያውቅ፣ መስመሩን ትታችሁ ከሌላ ምንጭ ጠጡ አላቸው። እነሱም ለወጡት፤ ከዚያ በኋላ የታናናሾቹ ልጆች ቋሚ ጥርስ ንጹሕ ሆኖ በቀለ። በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑን ኤች ቪ ቸርችል የተባለ ኬሚስት ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው።

የኦክሌይ ወላጆች ታሪክ ነው እኔን ያሳፈረኝ። እነሱ የልጆቻቸውን ጥርስ አይተው ወደ ውሃው ዞሩ። እኔ፣ የተማርኩ ሴት፣ የሳይንስ መምህርት፣ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ በአንድ ዓይነት ጥርስ ፊት ለፊቴ ተሰልፎ ሳለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሰነፎች ናቸው ብዬ አመንኩ። ከአሥር ስምንት ልጅ አንድ ዓይነት ምልክት ካለው ምክንያቱ ከልጆቹ ውጭ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም ነበር። በአገራችንም እውቀቱ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ እንዳለባቸው አሳይተዋል። በወንጂ የሸንኮራ ልማት ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ፣ ጀርባቸው ጎብጦ፣ መሄድ እስኪሳናቸው መድረሳቸው በሕክምና መጽሔቶች የተመዘገበ ነው። ጥርስ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይይዛል። በከተማችን አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ ቁጭ ብለው ለመነሳት ሰው የሚይዛቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። «ቁርጥማት ነው» እንል ነበር። ዛሬ ሳስባቸው እርግጠኛ ሆኜ መናገር ባልችልም፣ ከእነሱ መካከል ውሃው የጎዳቸው እንደነበሩ እጠረጥራለሁ።

ንጽህና ኩራቴ ነበር። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጠመኔ፣ ነጭ ጥርስ። ነጭ የሆነ ሁሉ ጨዋ፣ የቆሸሸ የሚመስል ሁሉ ቸልተኛ ነው የሚል እምነት ውስጤ ነበር፤ የድሀ ልጆች መምህር ሆኖ ይህን እምነት መያዝ ከባድ በደል ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ይህንንም ልጨምር፦ ዛሬም ጥርሴ ነጭ ቢሆን እወዳለሁ። ሁሉን አውቄ፣ ሁሉን ተረድቼ፣ በመስተዋት ፊት ስቆም እመኛለሁ። ምኞቱ ኃጢአት አይመስለኝም። ለምኞቱ ስል ያደረግሁት ነው የሚያሳዝነኝ።

ሐኪሙን «ምንም አይደረግም ወይ?» አልኩት። ቀላል ብልዘት በሐኪም እጅ ሊሻሻል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ሄይውድና ሃይማን፣ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የያዘ ጄል ለጥርስ ልክ በተሠራ ማቀፊያ ሌሊት ማድረግን አስተዋውቀዋል፤ በቤት ውስጥ ጥርስ ለማንጣት በሚገባ የተጠናው መንገድ እሱ ነው፣ ግን የሚታዘዘው ሐኪም አፍን አይቶ ነው። የልባሱን ስስ ገጽ በጥንቃቄ የሚያነሳ ሕክምናም አለ፤ ከበድ ያለውን ደግሞ በሙሌት ወይም በሽፋን ይሸፍኑታል። የእኔ ልባስ በገዛ እጄ ስለ ሳሳ ማንጫውን ቢያደርግልኝ ሕመሙን እንደማልችለው ነገረኝ። ሽፋኑ ደግሞ ከመምህር ደመወዝ በላይ ነው። የተሰረሰረውን ሞልቶልኝ፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አዞልኝ ወጣሁ። በፍሎራይድ ለተጎዳ ጥርስ ፍሎራይድ ማዘዙ ገርሞኝ ስጠይቀው፣ ከበቀለ በኋላ ከላይ የሚነካው እንደሚያጠነክረው፣ ጉዳቱ የመጣው ጥርሱ ሲሠራ ከተዋጠው መሆኑን ነገረኝ።

እንግዲህ ጥርሳችሁን በቤታችሁ ለማንጣት የምትፈልጉ፣ ይህን የምላችሁ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። የበለዘው በቡና፣ በሻይ፣ በጫት ወይም በሲጋራ ከሆነ ቀለሙ ከላይ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ፣ አልፎ አልፎ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ብቻ ነክቶ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ሲቻል ሐኪም ዘንድ ማሳጠብ ይበቃዋል። ሎሚና አቼቶ ጥርስ ላይ አታሹ። ጎምዛዛ ነገር ከበላችሁ በውሃ ተጉመጥመጡና ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የጥርሳችሁ ቀለም ግን በልጅነት አብሯችሁ የበቀለ ከሆነ፣ በሁለቱም ወገን ባሉ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ የሚታይ ከሆነ፣ ከሰሉንም ሎሚውንም አስቀምጡት። አልቆሸሻችሁም። ያጠፋችሁትም የለም።

በስምጥ ሸለቆ ሕፃን የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ የውሃችሁ ፍሎራይድ ስንት እንደሆነ የወረዳችሁን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ጠይቃችሁ ካልመለሱላችሁ ተሰብስባችሁ ጠይቁ። ተህዋስያኑን ስለሚገድል ማፍላቱን አትተዉ፤ ፍሎራይዱን ግን እንደማያወጣው እወቁ። የቆርቆሮ ጣራ ካላችሁ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበ በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ በርሜል አጠራቅሙ፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ኢምንት ነው። ለሁሉ ባይበቃ ለሕፃኑ መጠጥና ምግብ ለይታችሁ አስቀምጡለት። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ በሚገኝበት አካባቢ ካላችሁ ማጣሪያው ሥራውን የሚሠራው አጥንቱ በጊዜው ሲለወጥ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ለትንንሽ ልጆች የጥርስ ሳሙና ስትሰጡ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ እንዳይውጡትም ተከታተሏቸው።

የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ጠዋት በሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር እዩ፤ ልጅን በጥርሱ ቀለም ከሰልፍ አታስወጡ። ያስወጣኋቸው ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፤ ይህን ካነበባችሁ ይቅር በሉኝ። አንቺ መፋቂያሽን ያሳየሽኝ ልጅ፣ እውነትሽን ነበር። እናት የሆንሽ እንደሆነ ደግሞ አትዘግዪ፤ የልጅሽ የፊት ቋሚ ጥርሶች ከድዱ ሥር ተሠርተው የሚያልቁት አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ነው።